ሜፕል ቦንሳይ ለጀመራችሁ፦ ከሥሩ ጀምሩ፣ ቅጠሉ ይደርሳል

ሜፕል ማሰሮ ውስጥ የሞተበት ሰው ብዙ ጊዜ ዛፉን የረሳ ሰው አይደለም፤ አብዝቶ የነካካው ነው። ማርች ላይ ሥሩን ይቆርጣል፣ ኤፕሪል ላይ ሽቦ ይጠመጥማል፣ ጁን ላይ ቅጠሉን ያራግፋል፣ ዲሴምበር ላይ ደግሞ ብርዱ አሳዝኖት ሳሎን ያስገባዋል። ከመጨረሻው በቀር ሁሉም ትክክለኛ የቦንሳይ፣ ማለትም ዛፍን ማሰሮ ውስጥ በትንሹ አሳድጎ የመቅረጽ፣ ሥራዎች ናቸው። ጥፋቱ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ዛፍ ላይ፣ ያለዕድሜው መሠራታቸው ነው። ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ዛፍ የሚደረገውን የሦስት ዓመት ችግኝ ላይ ካደረጋችሁት፣ ወይ ይሞታል ወይ ለዓመታት እንደቀጠነ ይቀራል።

ሥራው ተራ አለው። መጀመሪያ ሥር፣ ቀጥሎ ግንድ፣ ከዚያ ዋና ዋና ቅርንጫፎች፣ ከዚያ ቀጫጭን ቀንበጦች፣ በመጨረሻ ያ የምንጓጓለት ጠፍጣፋ ማሰሮ። የምጠቅሳቸው ወራት ለዋሺንግተን ዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለሰሜን ቨርጂኒያ የሚሆኑ ናቸው። ሚኒሶታ ወይም ስቶክሆልም ያላችሁ ጥቂት ሳምንታት አዘግዩት፤ አትላንታ ያላችሁ ትንሽ አስቀድሙት። ዞሮ ዞሮ የምትከተሉት እምቡጡን እንጂ የቀን መቁጠሪያውን አይደለም።

ከዛፉ ምርጫ ልጀምር፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ የተሳሳተ ሰው አሥር ዓመት ይደክምበታል። ለጀማሪ ሁለት ዓይነት ብቻ እመክራለሁ። አንደኛው ቅጠሉ አምስት ወይም ሰባት ጣት ያለው የጃፓን ሜፕል ነው፤ እሱም ተራው አረንጓዴው። ሁለተኛው ቅጠሉ በሦስት የተከፈለው ትራይደንት ሜፕል ነው። ትራይደንት ሙቀት ይችላል፣ ሥሩ ብዙ ቢቆረጥ ይቋቋማል፣ ቁስሉ ቶሎ ይደፈናል፣ ግንዱም ፈጥኖ ይወፍራል። ስህተትን የሚታገስ እሱ ነው። የጃፓን ሜፕል ቀንበጡ ይበልጥ ያማረ ነው፤ ግን ፀሐይና ነፋስ ይጎዱታል። ችግኝ መሸጫ ቦታዎች በብዛት የሚሸጡት ቀይ ቅጠሉ ብለድጉድ ለጓሮ ያምራል እንጂ ለቦንሳይ ቅጠሉ ትልቅ፣ በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው ርቀትም ረጅም ነው። ቅጠሉ እንደ ዳንቴል የተበጣጠሰውን ዓይነትም እለፉት። ዴሾጆ የሚባለው የጃፓን ሜፕል ዓይነት ስፕሪንግ ላይ ቅጠሉ ደማቅ ቀይ ሆኖ ስለሚወጣ ብዙ ሰው ይወደዋል፤ ነገር ግን ደካማ ነው፣ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ዛፋችሁ ይሁን። ኪዮሂሜ የሚባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ ወደ ጎን እንጂ ወደ ላይ ማደግ አይወድም። ጫፉን ከሌላው እኩል ከገረዛችሁት ጫፉ ይደርቅና ዛፉ መሐሉ ባዶ ይሆናል።

ገንዘብ ሳታወጡ መጀመር ትችላላችሁ። በዚህ አካባቢ የጃፓን ሜፕል በየሰው ግቢ ተተክሏል፤ ኤፕሪል ላይ ከሥሩ በራሱ የበቀለ ችግኝ አይጠፋም። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ አሥርም ሃያም ውሰዱ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሣር ማጨጃ የሚበላቸው ናቸው። ከዘር ለማብቀል የፈለገ ሰው ዘሩን በጥቅምትና በኅዳር ለቅሞ አንድ ቀን ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፈው፣ ክንፉን ያንሳለት፣ ከዚያ በእርጥብ አሸዋ ወይም በስፋግነም ሞስ (ውሃ ይዞ የሚቆይ የረግረግ ተክል) አድርጎ በፕላስቲክ ከረጢት ፍሪጅ ውስጥ በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ከ90 እስከ 120 ቀን ያቆየው። ብርዱን ያላገኘ ዘር አይበቅልም።

የተዳቀለ፣ ማለትም በሌላ ዛፍ ሥር ላይ ተቀጥሎ ያደገ፣ ዛፍ የገዛችሁ እንደሆነ ግንዱ ታች ላይ እብጠት ታያላችሁ። ያ እብጠት ከዕድሜ ጋር እየባሰ ይሄዳል፤ የላዩና የታቹ ቅርፊት ቀለምም አይገጥምም። መፍትሔው ከእብጠቱ በላይ አዲስ ሥር ማብቀል ነው። ሜይ መጨረሻ ወይም ጁን መጀመሪያ ላይ፣ የስፕሪንጉ ቅጠል ሲጠነክር፣ ግንዱን ዙሪያውን ሁለት ቦታ ቁረጡና በመካከል ያለውን ቅርፊት አንሱ። የቀለበቱ ስፋት ከግንዱ ውፍረት አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን። ቅጠሉ የሠራው ስኳር የሚወርደው በቅርፊቱ ውስጠኛ በኩል ነው፣ ውሃው የሚወጣው ደግሞ በእንጨቱ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ቅርፊቱ ሲነሳ የላይኛው ክፍል ውሃ ማግኘቱን ይቀጥላል፣ ስኳሩ ግን ከላይኛው ቁርጥ ላይ ተጠራቅሞ ሥር ያወጣል። የሥር ማብቀያ ዱቄት የሚቀባው እዚያው የላይኛው ጠርዝ ላይ ነው። ከዚያ ውሃ ጠጥቶ በደንብ የተጨመቀ ስፋግነም ሞስ ዙሪያውን አልብሳችሁ በፕላስቲክ ጠቅልሉ፣ ላዩን ብርሃን በማያሳልፍ ነገር ሸፍኑ።

ይህ ሥራ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ምክንያት ነው፦ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ቀጭን፣ አረንጓዴና የሚያዳልጥ ሽፋን ሙሉ በሙሉ አለመፋቁ። የክር ያህል ከቀረ ዛፉ በዚያ ላይ ድልድይ ሠርቶ ቁስሉን ይዘጋል፣ ሥር የማውጣት ጉዳይ የለውም። ስለዚህ ነጭ እንጨት እስኪታይ ፋቁ፤ ከፋቃችሁም በኋላ እንደገና ፋቁ። ከስድስት እስከ አሥር ሳምንት ባለው ጊዜ ነጭ ሥር በፕላስቲኩ በኩል ይታያል። ነጩን እንዳያችሁ አትቁረጡ፤ ቡናማ እየሆነ እስኪመጣና እርስ በርሱ እስኪጠላለፍ ጠብቁ። ሴፕቴምበር አጋማሽ ካለፈ ለቀጣዩ ስፕሪንግ ብታቆዩት ይሻላል።

አፈር ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። የጓሮ አፈር መሬት ላይ መልካም ነው፤ ማሰሮ ውስጥ ግን ሥር ያፍናል። ከየትኛውም ማሰሮ ታች ውሃ ካጠጣችሁ በኋላም የማይወርድ፣ ውሃ የሞላበት ንብርብር ይቀራል። ማሰሮው ጠፍጣፋ በሆነ ቁጥር ያ ንብርብር ከአፈሩ ውስጥ የሚይዘው ድርሻ ይበልጣል። ከታች ጠጠር ማንጠፍም አያድንም፤ ንብርብሩን ከጠጠሩ በላይ ከፍ ያደርገዋል እንጂ። የሚያድነው ሁሉም አፈር ጠጠር መሆኑ ነው። እኔ የምጠቀመው ግማሽ አካዳማ፣ ሩብ ፑሚስ (ቀላል፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ)፣ ሩብ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነው፤ የፍሬው መጠን ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር። አካዳማ ከጃፓን ካንቶ ሜዳ የሚወጣ ሸክላማ የእሳተ ገሞራ አፈር ነው፤ ውሃ ይይዛል፣ ሥር ሲሰነጥቀው ይሰነጠቃል፣ ቀጫጭን ሥርም ይበዛበታል። ዋጋው ውድ ነው፤ በረዶና ፀሐይ ሲፈራረቁበትም በሁለት ሦስት ዓመት ይላሽቃል። ገና ግንዱ ለሚወፍር ችግኝ አታባክኑት፤ ፑሚስና የተበጠረ የጥድ ቅርፊት ይበቃዋል። የትኛውንም ብትጠቀሙ በወንፊት ነፍታችሁ ዱቄቱን ጣሉት። ዱቄቱን ላለማባከን ብላችሁ ከቀላቀላችሁት ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

አሁን ወደ ሥሩ። ሜፕልን ያረጀ የሚያስመስለው ከግንዱ ግርጌ በሁሉም አቅጣጫ የተዘረጋው ሥር ነው። ይህ ዛፉ ካደገ በኋላ ለመጠገን ከባድ ነው፤ በችግኝነቱ ግን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ዓመት፣ ማርች ላይ፣ ቀጥ ብሎ የሚወርደውን ዋናውን ሥር ቁረጡ፤ ወደ ታች የሚያድጉትንም ሁሉ አንሱ፤ ወደ ጎን የሚሄዱትን ብቻ አስቀሩ። ከዚያ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጣውላ ወስዳችሁ፣ ከታች በኩል በብሎን የግንዱን ግርጌ መሐል ጣውላው ላይ እሰሩት። ሥሮቹን ዙሪያውን ዘርጉና ከግራና ከቀኝ በትናንሽ ሚስማሮች ያዟቸው፤ ሚስማሩ ሥሩን አይወጋም፣ እንዳይነቃነቅ ያቅፈዋል። አንድ አቅጣጫ ላይ በጣም ወፍራም ሥር ካለ አሳጥሩት፤ ካልተቆረጠ የሌሎቹን ድርሻ ይበላል፣ ግርጌውም በአንድ ጎን ያብጣል። ሥር የሌለበት ጎን ካለ በሌላ ዓመት ቀጭን ችግኝ አስጠግቶ ማዳቀል ይቻላል፤ ስለዚህ ሥር አነሰው ብላችሁ ጥሩ ግንድ አትጣሉ።

ሥር የሚቆረጥበት ጊዜ አንድ ነው፦ እምቡጡ አብጦ ቀላ ሲል፣ ግን ሳይከፈት። እዚህ ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ማርች አጋማሽ ይሆናል። ቅጠሉ ከወጣ በኋላ ሥሩን ብትቆርጡ ቅጠሉ ውሃ እየጠየቀ የሚያቀርብለት የለም፤ በቀናት ውስጥ ይጠወልጋል። ወጣት ዛፍ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ፣ ያደገው በየሦስት እስከ አምስት ዓመት። ከሥሩ ሲሶ ያህል ማንሳት ለጃፓን ሜፕል ይበቃል፤ ጤነኛ ትራይደንት ግማሹንና ከዚያም በላይ ይችላል። አዲሱን አፈር ከጨመራችሁ በኋላ በቀጭን እንጨት እየነቀነቃችሁ በሥሩ መካከል አስገቡት፤ ባዶ ኪስ ከቀረ እዚያ ያለው ሥር ይደርቃል። ዛፉን ከማሰሮው ቀዳዳ በሚወጣ ሽቦ አጥብቃችሁ እሰሩት። የሚወዛወዝ ዛፍ አዲስ ለጋ ሥሩን እየበጠሰ ይኖራል። ከታች የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ አጠጡ፣ ማዳበሪያ ለአንድ ወር ከዚያም በላይ ይቆይ፤ ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት ጋራዥ አሳድሩት። ሥሩ የተነካ ዛፍ ላይ በዚያ ዓመት ሌላ ከባድ ሥራ አይሠራም። ይህችን ብቻ ያከበረ ሰው ብዙ ዛፍ ያተርፋል።

ግንድ የሚወፍረው ዛፉ በነፃነት ሲያድግ ብቻ ነው። ቀጭን ግንድ ጠፍጣፋ ማሰሮ ውስጥ ገብቶ እየተገረዘ አይወፍርም፤ ሃያ ዓመት ብትጠብቁም ያው ነው። ጓሮ ያላችሁ ከነጣውላው መሬት ቅበሩት፤ አፓርታማ ያላችሁ ሰፊ የእንጨት ሳጥን ወይም የተበሳሳ ፕላስቲክ ቅርጫት ተጠቀሙ። አንድ ሜትር ተኩል፣ ሁለት ሜትር ይመዘዝ፤ አትንኩት። ውፍረት የሚሰጠው ከላይ ያለው የቅጠል ብዛት ነው። በየሁለት ዓመቱ ማርች ላይ እያወጣችሁ ሥሩን አስተካክላችሁ መልሱት፤ ካልሆነ ከጣውላው ጠርዝ ወርዶ ያመልጣል። አንድ ጥንቃቄ ለጓሮ አትክልተኞች፦ ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ድንች የነበረበት መደብ ላይ አትትከሉት። እነዚህ አትክልቶች ቨርቲሲሊየም የሚባለውን የአፈር ፈንገስ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፤ ሜፕል ደግሞ ለእሱ በጣም ተጋላጭ ነው። ከያዘው በደህናው ጊዜ አንድ ቅርንጫፍ ድንገት ይጠወልጋል፤ ቆርጣችሁ ብታዩት እንጨቱ ውስጥ አረንጓዴ ቡናማ መስመር ታገኛላችሁ። መድኃኒት የለውም። አፈሩን አትጠቀሙበት፤ መቀሳችሁንም በ70 በመቶ አልኮል አጽዱ። እንዲያውም ሳይታመምም ከአንድ ዛፍ ወደ ሌላ ስታልፉ ማጽዳት ልማድ ይሁንላችሁ።

ግንዱ ከምትፈልጉት ውፍረት ትንሽ ሲቀረው ትልቁ ቁርጥ ይመጣል። ቁጥሩ እንዲህ ነው፦ ዛፉ መጨረሻ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ከፈለጋችሁ፣ የግርጌው ውፍረት 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን፣ የመጀመሪያው ቁርጥም ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ። ከዚያ አንድ አዲስ ቀንበጥ መሪ ሆኖ ያድጋል፤ የቁርጡን ሁለት ሦስተኛ ያህል ሲወፍር እሱም ይቆረጣል፤ ከበፊቱ ባጠረ ርቀት። በየቁርጡ አቅጣጫ ሲለወጥና ሲቀጥን ግንዱ ወደ ላይ እየሾለ ይሄዳል። ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው ጊዜው ነው፦ ፌብሩዋሪ ላይ ከተቆረጠ ሜፕል ለቀናት ፈሳሽ ያንጠባጥባል፤ እኔ ቅጠሉ ከጠነከረ በኋላ ሜይ መጨረሻ ላይ መቁረጥን እመርጣለሁ፣ ቁስሉም ያኔ ቶሎ ይሽራል። ሁለተኛው ከአንጓው ጋር እኩል አድርጎ መቁረጥ ነው፤ ሜፕል ከቁርጡ ወደ ታች ይደርቃል፣ ድርቀቱም የምትፈልጉትን እምቡጥ ይወስደዋል። ከአንጓው በላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተዉ፤ ትርፉን በቀጣዩ ዓመት አስተካክሉት፣ በትንሹ ጎድጎድ አድርጋችሁ የቁስል መሸፈኛ ቅቡት። ካልጎደጎደ የሚሽረው ቅርፊት እብጠት ይሠራል።

የቅርንጫፍ ሥራ እዚህ ይጀምራል። የሜፕል ቅጠልና እምቡጥ ጥንድ ጥንድ፣ ፊት ለፊት ነው የሚወጣው። ጥንዱን ሁለቱንም ካቆያችሁት ግንዱ ላይ መስቀል ይሠራል፣ መጋጠሚያውም ያብጣል። ስለዚህ ከየጥንዱ አንዱን አስቀሩ፦ አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ኋላ። ቁርጥ በተቆረጠበት ቦታ ሦስትና አራት ቀንበጥ በአንድ ላይ ይፈነዳል፤ በሳምንታት ውስጥ ወደ ሁለት ካልቀነሳችሁት ለዘለዓለም የሚታይ ጉብታ ይተክላል። ለዋና ቅርንጫፍ የተመረጠው ግማሽ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሂድ፤ የግንዱን ሲሶ ያህል ሲወፍር እስከ መጀመሪያው ወይም ሁለተኛው አንጓ መልሱት። ከዚያ ሁለት ይወጣሉ፤ እነሱንም አሳድጋችሁ መልሱ። እንዲህ እያለ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናሉ። የመጀመሪያው አንጓ ከመነሻው በጣም ርቆ ከወጣ አታባብሉት፤ ከሥሩ አንሱትና ሌላ ይውጣ። በረጅም አንጓ ላይ የተሠራ ቅርንጫፍ በኋላ አይታጠርም።

ቅርንጫፍ በሚያስፈልጋችሁ ቦታ ላይ ከሌለ፣ ሜፕል ለሚከተለው ዘዴ እጅግ የተመቸ ነው። ማርች መጀመሪያ ላይ እምቡጡ ሳይከፈት፣ ከዛፉ ራሱ የተመዘዘ ረጅም ቀጭን ቀንበጥ ትመርጣላችሁ። በግንዱ ላይ ከጀርባ ወደ ፊት በመሰርሰሪያ ትበሳላችሁ፤ ቀዳዳው ቀንበጡ ከነእምቡጡ ሳይላጥ የሚያልፍበት ያህል ብቻ ይሁን። ቀንበጡን አሳልፋችሁ መውጫው ላይ አንድ እምቡጥ ከግንዱ ጋር ተጠግቶ እንዲቀመጥ አድርጉና ሁለቱንም ቀዳዳ በቁስል መሸፈኛ ድፈኑ። ከፊት የወጣው በደንብ ይደግ። መያዙን የምታውቁት መውጫው ላይ ያለው ከመግቢያው ላይ ካለው ግልጽ ሆኖ ሲወፍር ነው። ያ ሳይሆን የጀርባውን የቆረጠ ሰው ቅርንጫፉን ያጣል። አንድ፣ አንዳንዴም ሁለት ዓመት ይፈጃል።

ሽቦን በተመለከተ አጭር ልበል። አሉሚኒየም ተጠቀሙ፣ ውፍረቱ የቅርንጫፉን ሲሶ ያህል፣ አጠማዘዙ 45 ዲግሪ ገደማ። የሜፕል ቅርፊት ቀጭን ነው፤ በስፕሪንግ እድገት ላይ ሽቦ ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ሊበላው ይችላል፣ ጠባሳውም ለዓመታት ይታያል። በየሳምንቱ እዩት፤ ስታወጡትም በየዙሩ በመቁረጫ ቁረጡት እንጂ ወደ ኋላ አትፍቱት፣ እምቡጥ ይሰብራል። ወፍራም ቅርንጫፍ ለማውረድ ከሚጠመጠም ሽቦ ይልቅ እንደ ድንኳን ገመድ ወደ ታች የሚስብ ማሰሪያ፣ ቅርፊቱን በሚነካበት ቦታ ላይ ጎማ አድርጋችሁ፣ ይሻላል። ዛፉ እንቅልፍ ላይ ሳለ ቅርንጫፉ ይሰበራል፤ ቅጠሉ ከጠነከረ በኋላ ግን ይታዘዛል።

ቀንበጥ መቀንጠስና ቅጠል ማራገፍ የመጨረሻው ምዕራፍ ሥራዎች ናቸው። ግንዱና ዋና ቅርንጫፎቹ ለተጠናቀቁለት ዛፍ ብቻ። ኤፕሪል ላይ የመጀመሪያው ጥንድ ቅጠል ሲገለጥ በመካከላቸው ያለችውን ለጋ ጫፍ በወረንጦ ታወጧታላችሁ፤ እድገቱ እዚያ ይቆማል፣ አንጓውም አጭር ሆኖ ይቀራል። እምቡጡ ሁሉ በአንድ ቀን ስለማይከፈት ለሁለት ሦስት ሳምንት በየሁለት ቀኑ መመለስ ያስፈልጋል። የላይኛው ሁልጊዜ ከታችኛው ይበረታል፤ ስለዚህ ላዩን ጠበቅ፣ ታቹን ላላ አድርጉ። ደካማውን ቅርንጫፍ ለአንድ ዓመት ጭራሽ አትንኩት። መቀንጠስ ዛፍ ያደክማል፤ በማደግ ላይ ያለ ችግኝ ላይ ከተደረገ ግንዱ ባለበት ይቆማል።

ቅጠል ማራገፍ የሚሠራው ሜይ መጨረሻ እስከ ጁን አጋማሽ ነው፤ ጠንካራ፣ ማዳበሪያ የበላ፣ በዚያ ዓመት ሥሩ ያልተነካ ዛፍ ላይ። ቅጠሉን ቆርጣችሁ ዘንጉን ተዉት፤ ዘንጉ በራሱ ይወድቃል፣ ከሥሩ ያለው እምቡጥም ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ትንሽ ቅጠል ያወጣል። እኔ ሙሉ በሙሉ ማራገፍን አልወድም። ከየጥንዱ አንዱን ቅጠል ማንሳት፣ ወይም ላዩን ብቻ ማራገፍ፣ ብርሃን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ቀንበጦች የሚሞቱት በብርሃን እጦት ነውና ዋናው ጥቅም ይኸው ነው። ጁላይ ከተጋመሰ በኋላ ግን አይሞከርም፤ አዲሱ ቀንበጥ ሳይጠነክር ብርድ ይደርስበታል። ቅጠል እንዲያንስ የሚያደርገው ዋናው ነገር ደግሞ የቀንበጥ ብዛት ነው። ሺህ ጫፍ ያለው ዛፍ ያለምንም ዘዴ ቅጠሉ ትንሽ ነው።

ማዳበሪያም ተራውን ይከተላል። ለሚወፍር ዛፍ ቅጠሉ እንደተከፈተ ጀምራችሁ እስከ ሴፕቴምበር በየሁለት ሳምንቱ ስጡት። ግንዱ አልቆ ቀንበጡ ለሚቀጥን ዛፍ የመጀመሪያው ቅጠል እስኪጠነክር፣ ሜይ አጋማሽ ድረስ፣ ምንም አትስጡ፤ ቀድሞ የበላ ዛፍ አንጓው ይረዝማል። የዲሲ ጁላይ ቀልድ አያውቅም። ከቀትር በኋላ ጥላ ስጡ፣ በ35 ዲግሪ ቀን ጠዋትና ማታ አጠጡ፣ ውሃ ግን በሰዓት አይደለም፤ ጣት ከትታችሁ ላዩ ደረቅ ሲል ነው። የቅጠል ጠርዝ ቡናማ መሆን በሽታ ይመስላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ትኩስ ነፋስ፣ አንድ ቀን የተረሳ ውሃ ወይም የማዳበሪያ ጨው ነው። ክሽክሽ ኤፕሪል ላይ ለጋው ቅጠል ላይ ይሰፍራል፤ በውሃ ኃይል ታጥቦ ይሄዳል። በ2021 በዚህ አካባቢ የወጡት የአሥራ ሰባት ዓመት ሲካዳዎች (በየአሥራ ሰባት ዓመቱ ከመሬት የሚወጡ ነፍሳት) እርሳስ የሚያህሉ ቀንበጦችን ሰንጥቀው እንቁላል ይጥላሉ፣ ጫፉም ይደርቃል። እነዚያው የሚመለሱት 2038 ላይ ነው፤ በዚያ ሜይ ዛፋችሁን ቀዳዳው ከአንድ ሴንቲ ሜትር ባነሰ መረብ ሸፍኑ።

ጤና አዳሙን ኖቬምበር ላይ ወደ ቤት የማስገባት ልማድ ለሜፕል አይሠራም። ሜፕል እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ ሞቃት ሳሎን ውስጥ ያለጊዜው ይነቃና በብርሃን እጦት የወጣ ቀጭን ቅጠል አውጥቶ ጉልበቱን ይጨርሳል። ከላይ ያለው እንጨት ብርድ አይፈራም፤ የሚፈራው ሥሩ ነው፣ መሬት ውስጥ ሳይሆን ማሰሮ ውስጥ ስላለ። የትራይደንት ሥር ውሃ የያዘ ወፍራም ስለሆነ ከጃፓን ሜፕል ሥር ቀድሞ ይጎዳል፤ እኔ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ሲወርድ አስገባዋለሁ። ማሞቂያ የሌለው ጋራዥ፣ ከዜሮ እስከ 7 ዲግሪ ባለው መካከል፣ ጥሩ ነው። ጋራዥ የሌለው ማሰሮውን በሰሜን በኩል ባለ ግድግዳ ሥር መሬት ውስጥ ቀብሮ በቅጠልና በእንጨት ፍርፋሪ ይሸፍነው። ቅጠል ስለሌለው ውሃ አይጠጣም ማለት አይደለም፤ ብዙ ዛፍ ጋራዥ ውስጥ የሚሞተው በርዶት ሳይሆን ደርቆ ነው። በየሳምንቱ አፈሩን ንኩት።

ዲሲ አካባቢ ያላችሁ አንድ ዕድል አላችሁ። የአሜሪካ ብሔራዊ አርቦሬተም (የዛፎች መናፈሻ) ውስጥ የቦንሳይና የፔንጂንግ (የቻይናው ቦንሳይ) ሙዚየም አለ፤ መነሻው ጃፓን በ1976 ለአሜሪካ 200ኛ ዓመት የሰጠቻቸው 53 ቦንሳዮች ናቸው። መግቢያ አያስከፍልም። ሰው ሁሉ በቅጠሉ መቅላት ወቅት ይጎርፋል፤ ለመማር ግን ሜፕሎቹ ቅጠላቸውን ባራገፉበት በብርዱ ወራት ሂዱ። ቅርንጫፉ የት ላይ በሁለት እንደተከፈለ፣ አሮጌው ቁርጥ የት እንደነበር፣ ሥሩ እንዴት እንደተዘረጋ ያኔ ነው የሚታየው። ቁጭ ብላችሁ አንዱን ቅርንጫፍ ከግንዱ እስከ ጫፉ በእርሳስ ሳሉት።

አገር ቤት ያላችሁ ሜፕል ከውጭ ለማስመጣት አትድከሙ። አዲስ አበባ ሌሊቱ በኅዳርና በታኅሣሥ ቢበርድም ቀኑ ይሞቃል፣ የቀኑ ርዝመትም ብዙ አይለወጥም፤ ዛፉ በቂ እንቅልፍ ሳያገኝ ከዓመት ዓመት ይደክማል። በእጃችሁ ያለው ወይራ ግን ለቦንሳይ የታወቀ ዛፍ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ይኸው የአፍሪካ ወይራ በሰፊው ይሠራበታል። ከአሮጌ እንጨት እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ቅጠሉ ከመነሻው ትንሽ ነው፣ ሙሉ ፀሐይ ይወዳል። ዋርካም ፈጥኖ ይወፍራል፣ ሥሩም ይዘረጋል። ከላይ ስለ ሥር፣ ስለ ግንድና ስለ ቅርንጫፍ ተራ የተጻፈው ለእነሱም ይሆናል፤ የቅጠል ማራገፉንና የብርዱን ክፍል ግን ተዉት። ለአፈር አካዳማ አያስፈልጋችሁም። ለብሎኬት የሚሸጠውን ሬድ አሽ ግዙና በሁለት ወንፊት ንፉት፤ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነውን ለማሰሮ ታች አትጠቀሙበት፣ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች የሆነውን ዱቄት ጣሉት፣ መካከለኛውን አጥባችሁ ሲሶ ያህል የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅሉበት።